ጋሽ መስመር የደፈኑት ቀዳዳ

ልብስ ሰፊው ጋሽ መስመር ይህን ስም ያገኙት ስፌታቸው ውልፍት ስለማይል ነው። አርባ ዓመት ሙሉ በአንዲት ጠባብ ክፍል፣ በአንዲት የስፌት መኪና፣ የሰፈሩን ሰው ትከሻ ቀጥ ሲያደርጉ ኖረዋል። የተጣመመ ኮሌታ ካዩ ሰላምታ መስጠት ይረሳሉ። ሰርግ ተጠርተው ሙሽራውን «ይህን እጅጌ ማን ነው የገደለው?» ብለው ያፋጠጡ ሰው ናቸው። ከዚያ ወዲህ ሰርግ የሚጠራቸው ቀነሰ፤ እሳቸውም ምንም አልቀረባቸውም።

ታዲያ ከሱቃቸው ፊት ለፊት የሶፋ መሸጫ ተከፈተ። ባለሶፋውም ምረቃው ያለ ርችት አይሆንም አለ። ደግ! ሶፋ ለመሸጥ ሰማይ ማንደድ እንደሚያስፈልግ እኛ ምን እናውቃለን? ርችቱን ባዶ ጠርሙስ ውስጥ ሰክቶ በጠራራ ፀሐይ ለኮሰው። ጠርሙሱ ተጋደመ፣ ርችቱም ሰማዩን ትቶ መንገዱን ተሻገረ። ጋሽ መስመር ጀርባቸውን ሰጥተው በራቸውን ሲቆልፉ ነበር። መጀመሪያ ከትከሻቸው ጀርባ መታቸው፤ ሊያራግፉት ቀኝ እጃቸውን ሲሰነዝሩ እዚያው ላይ ፈነዳ። ጀርባቸውን የለበሱት ወፍራም ኮት አተረፈው። እጃቸውን ግን ሐኪሙ አገላብጦ አይቶ፣ አውራ ጣትን ጨምሮ ሦስቱ ጣቶች ከእንግዲህ አይታጠፉም አለ።

በሦስተኛው ቀን ባለሶፋው አንድ ፌስታል ብርቱካንና አንድ ወረቀት ይዞ ከች አለ።

«ጋሼ፣ እንግዲህ የመጣ ነገር ነው። እዚህች ላይ ብቻ ይፈርሙልኝ። ቅር አልተሰኘሁም የምትል ናት።»

«በየትኛው እጄ?» አሉት።

ይህን አላሰበበትም ነበር፤ ምስኪን። ብርቱካኑን ትቶ ወረቀቱን ይዞ ወጣ።

ሚስታቸው ነገሩ ስላላማራት እየጎተተች ጠበቃ ዘንድ ወሰደቻቸው። ጠበቃዋ በዕድሜ ልጃቸው የምትሆን ወጣት ናት። «እንኳን አልፈረሙ!» አለች። ከዚያ ያለውን መንገድ ሁሉ ዘረዘረችላቸው። ባለሶፋው እሺ ካለ በድርድር መጨረስ ይቻላል፤ እንቢ ካለ የካሳ ክስ አለ። ርችቱን የሸጠለት ነጋዴም አደጋውን ሳያስጠነቅቅ ሸጦ ከሆነ አብሮ ሊጠየቅ ይችላል። ብቻ ጊዜ ገደብ ስላለው መዘግየት አያስፈልግም። ባለሶፋው ስለ ድርድር ሲጠየቅ «ምን አገባኝ፣ ራሳቸው መጥተው ጎንበስ ብለው ሲያዩት ነው የፈነዳባቸው» ብሎ ዓይኑን በጨው አጥቦ ካደ። ምስክር እንዳይጠራ፣ ግማሹ መንገደኛ ሰማይ ሰማይ ሲያይ ነበር፣ ግማሹ ደግሞ ሶፋ በቅናሽ ገዝቷል።

«ኮቱ ግን አለልን» አለች ጠበቃዋ። «የተቃጠለው ከጀርባ ነው። ሰው በጀርባው ጎንበስ ብሎ ርችት አያይም። ለቀጠሮው ኮቱ ይምጣ።»

መቼም ብልህ ልጅ ናት፤ ግን ከልብስ ሰፊ ጋር እያወራች መሆኗን ዘነጋች። ቀዳዳ ኮት ይዞ ዳኛ ፊት መቅረብ! ጋሽ መስመር ቢሞቱ አያደርጉትም። ስድስት ሳምንት ሙሉ በግራ እጃቸው ሠሩበት። ከኮቱ ጫፍ ውስጥ ውስጡን ክር እየመዘዙ፣ ሚስታቸው ክሩን በመርፌው እያሾለከችላቸው፣ የተቃጠለውን ጠርዝ ቆርጠው ክሩን በክር ሸመኑት። የውስጥ ገበሩንም ቀየሩ። ሲጨርሱ እሳቸው ራሳቸው ቀዳዳው የት እንደነበር በጣት ፈልገው አጡት።

የቀጠሮው ዕለት ጠበቃዋ ፍርድ ቤቱ ኮሪደር ላይ «ኮቱስ?» አለቻቸው።

«ለብሼዋለሁ» አሉና ኩራት በኩራት ሆነው ዞሩላት።

«ቀዳዳውስ?»

«አይታይም!»

የልጅቷ ወሽመጥ ቁርጥ አለ። ጋሽ መስመርም የሠሩት ጉድ ያን ጊዜ ነው የገባቸው። ጣታቸውን ርችት ወሰደው፣ ማስረጃውን በገዛ እጃቸው ደፈኑት።

ችሎት ሲገቡ የባለሶፋው ጠበቃ ኮቱን አገላብጦ አየና ፈገግ አለ።

«ክቡር ዳኛ፣ ይህ ኮት እሳት አይቶ አያውቅም። አይቶ ከሆነም፣ እንዲህ አድርጎ የሰፋ እጅ የሚገባው ሽልማት እንጂ ካሳ አይደለም።»

ባለሶፋው ሳቁን ማፈን አቃተው። ጋሽ መስመር ግን አንገታቸውን ደፍተው ቆሙ። ፊታቸው ቀላ፤ አፈሩ።

«ክቡር ዳኛ፣ መሃሉ ይታይልኝ። ትከሻ ውስጥ፣ ከገበሩ ሥር ትከሻውን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ሸራ አለ። እሱን አልቀየርኩትም። እጄ ዛለ፣ ማን ያየዋል ብዬ ተውኩት። በአርባ ዓመት እንዲህ ያለ ሥራ ሠርቼ አላውቅም።»

ሰው ነፍስ አጥፍቶ እንኳ እንዲህ አያፍርም።

ዳኛው ስፌቱ ይፈታ አሉ። ለጋሽ መስመር ምላጭ ተሰጣቸው። ጨርቁን በቀኝ ሊይዙ ሲሉ ሦስቱ ጣቶች ተገትረው ቀሩና ኮቱ ተንሸራተተ። አነሱት። በግራ ጀመሩ፣ ምላጩ ወደቀ። ሚስታቸው ልታግዝ ብድግ ስትል «ተዪኝ» አሏት። አንዲቱን ስፌት ፈቱ። ሁለተኛዋን። ስድስት ሳምንት የለፉበትን ሥራ ሁሉም እያያቸው አንድ በአንድ አፈረሱ። ባለሶፋው መሳቁን ተወ፤ ጠበቃው ፋይሉን ያገላብጥ ጀመር። ገበሩ ሲከፈት ሸራው ላይ የጡጫ ስፋት ያለው፣ ዙሪያው የከሰለ ቀዳዳ ወጣ። ዳኛው ግን ቀዳዳውን አንዴ ብቻ ነው ያዩት። የሚጽፉት ዓይናቸውን ከጋሽ መስመር እጅ ሳይነቅሉ ነበር።

ተፈረደላቸው። ባለሶፋው እንዲክስ ተወሰነ፤ ኮቱ ቁጥር ተለጥፎበት መዝገብ ቤት ቀረ። ጋሽ መስመር በሸሚዝ ወጡ። ውጪ ይነፍሳል።

«አዲስ እንግዛልህ» አለች ሚስታቸው።

በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰፋ ልብስ መሸጫ ገቡ። ሻጯ ሜትር አንገቷ ላይ አንጠልጥላ «ጋሼ፣ እጅዎን ዘርጋ ያድርጉልኝ» አለቻቸው። ዘረጉ። ለካቻቸው፤ ሜትሩን ጠማማ አድርጋ ነበር የያዘችው። አንድ ኮት አውርዳ አለበሰቻቸውና መስታወት ፊት አቆመቻቸው። ኮሌታው በግራ በኩል ተጣሟል። ጋሽ መስመር አዩት። ረዘም ላለ ጊዜ አዩት።

«ጥሩ ነው» አሉ።

ሚስታቸው ፍርድ ቤት ያላለቀሰችውን እዚያ አለቀሰች።