የልጆቹን መውጫ የሚያየው ሰው

ሰውዬው ከማክሰኞ ጀምሮ በየቀኑ በመውጫ ሰዓት እየመጣ ከትምህርት ቤቱ በር ማዶ ይቆማል። ጫማው ተወልውሎ ያበራል፤ ሸሚዙ ግን አልተተኮሰም። ዘበኛው ቺሴንጋ ሁለት ቀን በጥርጣሬ ሲያየው ሰንብቶ በሦስተኛው ቀን ጠጋ አለው።

«ወንድሜ፣ ሰው ጠፍቶብህ ነው?»

«ትምህርት ቤት እየመረጥኩ ነው፤ ከሉቡምባሺ ወደዚህ ወደ ሉሳካ ልንዛወር ነው» አለ ሰውዬው። የሚናገረው የቤምባ ቋንቋ የኮንጎ ለዛ አለው። «አምስት ትምህርት ቤት አየሁ። ሁሉም የሚያሳዩኝ ኮምፒውተር ነው። እኔ የምፈልገው ልጆቹ ሲወጡ ፊታቸውን ማየት ነው።»

«እሱን እንኳ ማንም አይከለክልህም» ብሎ ሳቀ ቺሴንጋ።

በማግስቱ ሰውዬው ትንሽ ሴት ልጁን ይዞ መጣ። ሹሩባዋ መስመሩን ስቶ ተንጋዷል፤ የወንድ እጅ እንደሠራው ያስታውቃል። ቺሴንጋ ስለ እናቷ ሊጠይቅ አሰበና ተወው። ደወሉ ተደወለ። እየተጋፉ ከወጡት ልጆች አንዲት ጥርሰ ወላቃ የያዘችውን ብስኩት ገምሳ ለእንግዳዋ ሰጠቻትና ወደ ገመድ ዝላዩ ጎተተቻት። አንዷ የሌላዋን ቋንቋ አታውቅም፤ ሳቃቸው ግን መንገዱን ተሻግሮ ይሰማል።

ሰውዬው ስልኩን አውጥቶ ለቤት ደላላው ደወለ። «ባለ አትክልቱ ቤት ይቅር። ገበያው ጥግ ያለውን ጠባቡን እንወስዳለን። ከዚያ በእግሯ ትመጣለች።»

ከዚያ ወደ ቺሴንጋ ዞረ። «ነገ ጠዋት ላስመዝግባት። በሩ ስንት ሰዓት ይከፈታል?»

«አንድ ሰዓት። ግን ነገ ቅዳሜ ነው።»

ሰውዬው እንደ ልጅ ከፋው። «ሁለት ቀን ሙሉ ልንጠብቅ ነው?» አለ።