የጤቤ በሽተኛ

በ1975 ዓ.ም. ክረምት ሮቤ አጠገብ ወዳለ ጤና ጣቢያ ለልምምድ ከተላኩት አራት ተለማማጅ ሐኪሞች መካከል ኦሮምኛ የምታውቀው የዚያው አካባቢ የሲናና ተወላጅ የሆነችው ጤቤ ጉተማ ብቻ ነበረች። ጠዋት ጠዋት ጭጋግ በመስኮት እየገባ አልጋዎቹ አየር ላይ የተንሳፈፉ ይመስሉ ነበር። በዚያ ነጭ ጸጥታ ውስጥ ጓደኞቿ በሽተኞቻቸውን መርምረው ሕመማቸውን እያስረዱ ለአሠልጣኙ ሲያቀርቡ ጤቤ ታስተረጉማለች።

«ጤቤ፣ ላብ ያልብዎታል ወይ በያቸው» ይላታል አንዱ።

ትጠይቃለች። መልሱን የሚጽፈው፣ የሚመሰገነውም ሌላው ነው። አንዳንዴ ድምጿ ከእሷ ተለይቶ ብቻውን በክፍሉ የሚዞር ይመስላታል።

የመጨረሻው ሳምንት ሲደርስ በስሟ የቀረበ አንድም በሽተኛ አልነበረም። ካላቀረበች ደግሞ ልምምዱን አታልፍም።

«ዶክተር፣ ዛሬ አላስተረጉምም» አለች አሠልጣኙን። «ትኩሳት ይዟቸው የተኙትን እማማ ሽቶን የማቀርባቸው እኔ ነኝ።»

ደምመላሽ የተባለው ጓደኛዋ ሳቀ። «ታዲያ ለእኛ ማን ያስተርጉምልን? ጭጋጉ?»

«አንተ ዛሬ አዳምጥ።»

አሠልጣኙ የአሮጊቷን ካርድ ሰጧት። ካርዱ ላይ ደምመላሽ «ሳንባ ነቀርሳ ሳይሆን አይቀርም» ብሎ ጽፏል። ጤቤ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና በኦሮምኛ ስለ ቤታቸው፣ ስለ ከብቶቻቸው ጠየቀቻቸው። ሦስት ቀን ሙሉ «አዎ» እና «አይ» ብቻ ሲሉ የሰነበቱት አሮጊት ረጅም ወሬ ጀመሩ። ላማቸው ሁለት ጊዜ ጨንግፋለች፤ ወተቷን ሳያፈሉ ይጠጣሉ።

«ከከብት የሚተላለፍ ትኩሳት ይመስለኛል» አለች ጤቤ።

አሠልጣኙ ደም እንዲመረመር አዘዙ፤ መዝገቡ ላይም «አቅራቢ፦ ጤቤ ጉተማ» ብለው ጻፉ።

ደምመላሽ ጠጋ አላት። «ላም በኦሮምኛ ምንድን ነው?»