አክስቴ ጊታር ያላቋረጡበት ቀን

አክስቴ ጭንቀት ሲይዛቸው ጊታራቸውን ያነሡ ነበር። የሚጫወቱት ሁልጊዜ አንድ ነገር ነው፤ በወጣትነታቸው የውጭ አገር መምህራቸው ያስጠኗቸው፣ ለጊታር ብቻ የተደረሰ ዘመናዊ መለማመጃ። ግጥም የለውም፣ ዕረፍትም የለውም፤ ጣት ክሩ ላይ እየተሯሯጠ ይሄዳል። «ዘፈን እንዳይመስላችሁ፣ የጣት ሥራ ነው» ይሉን ነበር።

በደርግ ጊዜ ልደታ ሰፈራችን በጠራራ ፀሐይ ሲታሰስ ታላቅ ወንድሜ ከኮርኒሱ በላይ ተደብቆ ነበር። ክፉ ሳል ይዞታል። አሳሾቹ ከጎረቤት ወጥተው በራችንን ሲደበድቡ እኔ ልከፍት ተነሣሁ፤ አክስቴ ጊታራቸውን አነሡ።

«ያቁሙ እንጂ፣ እማማ!» አለ ጠመንጃ የያዘው።

«ፈትሹ ልጄ፣ ማን ከለከላችሁ? እኔ ካቆምኩ ጣቴ ይተሳሰርብኛል» አሉት። ቀና ብለውም አላዩት።

አልጋ ገለበጡ፣ ሣጥን በረበሩ። ከላይ የታፈነ ሳል የሰማሁ መሰለኝ። ወዲያው የአክስቴ ጣቶች ይበልጥ ፈጠኑ፣ ክሩንም በኃይል መቱት። ሰዎቹ እየተሳደቡ ወጡ።

አክስቴ ግን አላቆሙም። ወንድሜ ወርዶ እጃቸውን ያዘ። «እትዬ፣ ሄደዋል እኮ» ሲላቸው ነው ያለቀሱት።

በቅርቡ ልደታ ማርያም ቀበርናቸው። ለቀስተኛው ከተበተነ ወዲህ ወንድሜ እቤታቸው አርፎ መቀመጥ አቅቶታል። ፀጉሩ ሸብቷል፤ ሳሉም ከለቀቀው ቆይቷል። ቤቱ ጭር ሲል ግን ተነሥቶ ይንጎራደዳል፤ ሬዲዮ ይከፍትና ያስጮኸዋል። እኔም ቀንስ አልለውም።