ዘይት ያልጠጣ ጀርባ

ዛሬ ጠዋት የተልባ ዘይት ጠርሙሱን ስከፍት ሽታው አፍንጫዬን ይዞ ጎተተና አሥራ ሰባት ዓመቴ ላይ ጣለኝ። ጉልበቴ ግን አብሮኝ አልሄደም፤ እሱ እዚሁ ዲላ፣ በረንዳዬ ላይ ሲንቋቋ ቀረ። ክዳኑ ጠብቆብኝ ጥርሶቼን እርዱኝ ብያቸው ነበር፤ የቀሩት ተመካክረው እምቢ አሉ።

ልንገርህ፣ እኔ ቂመኛ ሰው ነኝ። መነጽሬን ግንባሬ ላይ ሰክቼ ቤቱን ሳምስ እውላለሁ፤ ቂሜን ግን የት እንዳስቀመጥኩት ጠፍቶኝ አያውቅም።

ያኔ የሰፈራችን ጸሎት ቤት ዘማሪ ነበርኩ፣ ወፍራም ድምፅ ካላቸው ጋር ከኋላ ረድፍ። ልቤ ግን ጊታር ላይ ነበር። የጸሎት ቤቱ አንዲት ጊታር ነበረች፣ ወገቧ በፕላስተር የተጠቀለለ፤ እሷም ከመሪያችን እጅ ወጥታ አታውቅም። መሪያችን ከእኔ ጥቂት የሚበልጥ፣ ረጅም፣ መልከ መልካም ጎረምሳ ነበር። መልከ መልካምነቱን ዛሬም የምናገረው እየቆረቆረኝ ነው።

ስለዚህ የራሴን ለመሥራት ተነሳሁ። ወደ ወናጎ መውጫ ላይ ከነበረ አንድ ሽማግሌ አናጢ ቤት፣ ከዋንዛ ሳንቃ ጋር ስታገል ክረምቱን ከረምኩ። በመጨረሻ አንገትና ሆድ ያላት ነገር ወጣችኝ። ቀለም እስክቀባት እንኳ ደስታዬ አላስችል ብሎኝ፣ እንደ ተላጠ ድንች እንደነጣች ልምምድ ላይ ይዣት ሄድኩ።

መሪያችን በሁለት ጣቱ አንስቶ አገላበጣት።

"ይሄ ምንድነው?" አለ፣ ለእኔ ሳይሆን ለሴቶቹ ረድፍ። "ጊታር ነው የገንፎ ማማሰያ?"

ጸሎት ቤቱ በሳቅ ሞላ። ከፊት የነበረችው ልጅ፣ ያን ሁሉ ሳንቃ የፋቅኩላት፣ አፏን በነጠላዋ ሸፍና ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። ከዚያ ቀን ወዲህ ስሜ ማማሰያ ሆነ። ዛሬም ገበያ ስወጣ አባቱን የማላውቀው ጎረምሳ "ጋሽ ማማሰያ፣ ደህና አደሩ?" ይለኛል፣ እናቴ ያወጣችልኝ ስም እየመሰለው።

አንተ ራስህ እስክትመኛት ድረስ አሳምራታለሁ፣ ያኔ እንተያያለን አልኩት በልቤ።

ከጎረቤት መንደር ከጪጩ የጀንፈል ቡና ገለባ በጆንያ ተሸክሜ መጣሁ። በአሮጌ ድስት ከዛገ ሚስማር ጋር ግማሽ ቀን ቀቀልኩት። እናቴ በሩ ላይ ቆማ "የሚስማር ወጥ ደግሞ ከማን የተማርከው ሙያ ነው?" አለችኝ። የጠቆረውን ውሃ በጨርቅ ስቀባት የእንጨቷ ጅማት እየተነሳ፣ ከነጭ ወደ ማር፣ ከማር ወደ ጥቁር ቡናማ ዞረች።

"አሁን እንጨቱ ጠማው" አለ አናጢው። "ዘይት አጠጣት። በጨርቅ አይደለም፣ በቃጫ።"

ከእንሰት የተፋቀ ቃጫ ጠቅልዬ፣ የተልባ ዘይት ነካ እያደረግኩ በክብ በክብ አሸኋት። አንድ ቀን ማሳደር፣ ያልጠጣችውን መጥረግ፣ በብርጭቆ ወረቀት ለስለስ ማድረግ፣ እንደገና መቀባት። በአምስተኛው ቅብ የመስኮቱ ብርሃን ሆዷ ላይ ተኛ። ፊቴን አየሁባት፤ እኔን እንኳ አሳምራኛለች።

"ጀርባውስ?" አለ አናጢው።

"ጀርባዋን ማን ያያል?"

"ዘይት ካልጠጣች ላብ ሲነካት ቀለሙን ትለቃለች። ልብስ ታበላሻለህ፣ ልጄ። ሚስማር ያለበት ቀለም ደግሞ በሳሙና አይወጣም።"

ጠርሙሱን ከደንኩት። እንደዚያን ቀን አጥብቄ የከደንኩት ነገር የለም።

ጉባኤው ሲደርስ፣ ከወናጎና ከወርቃ እንግዶች በሚመጡበት ዋዜማ፣ ይዣት ልምምድ ገባሁ። መሪያችን ዓይኑ ተሰካባት። እንደገመትኩት ከእጄ ወሰዳትና ሞከራት።

"ለነገ እኔ ልያዛት" አለ። "አንተ ከኋላ ሆነህ ድምፅህን አሰማ።"

"እሺ ጋሼ" አልኩ። በዕድሜዬ እንደዚያ ትሑት ሆኜ አላውቅም።

በማግስቱ ሁላችንም ነጭ ጋውን ለብሰናል። ቆርቆሮው በፀሐይ ይንጣጣል፣ ሰው ከሰው ላይ ተጣብቋል። መሪያችን ጊታሬን ሆዱ ላይ ለጥፎ ላብ በላብ ሆነ። ከሦስተኛው መዝሙር በኋላ ከሆዱ ቢያላቅቃት፣ ጋውኑ ላይ ሌላ ጊታር ቁጭ ብላለች፣ ቡናማ፣ ከነወገቧ። መጀመሪያ ሕፃናቱ አዩ። ከዚያ እናቶቹ። ሳቁ ከፊት ወደ ኋላ ሲመጣ እንደ ቀዝቃዛ ውሃ ጠጣሁት።

ወደ ሆዱ ተመለከተ። ቀና አለና ከኋላ ረድፍ ፈልጎ አገኘኝ። ይቆጣል ስል ፈገግ አለ።

"ይህችን ጊታር የሠራው ወንድማችን ከኋላ ተደብቋል" አለ ለጉባኤው። "የሚቀጥለውን እሱ ይጫወትልን። ና፣ ማማሰያ።"

ሕዝቡ አጨበጨበ። እኔም ነጭ ጋውን ለብሻለሁ፤ ይህችን በበቀሌ ውስጥ አላሰብኳትም ነበር። እንደ ትኩስ ድስት ከሰውነቴ አራቅ አድርጌ ብቀበላት፣ በገዛ እጁ ሆዴ ላይ ጫናትና "ጠጋ አድርገህ እቀፋት" አለኝ በጆሮዬ። ተጫወትኩ። ስወርድ ሁለታችንም አንድ ዓይነት ሆድ ነበረን።

ልጅቷም ከዓመታት በኋላ ተዳረች። ለእሱ።

ከዚያ ወዲህ በተገናኘን ቁጥር እሱ ሆዴን ያያል፣ እኔ ሆዱን አያለሁ። ነገሩን አንስተነው አናውቅም። ጀርባዋንም ዘይት ሳላስነካት ኖርኩ፤ አንድ ቀን ደግሞ ነጭ ይለብስ ይሆናል ብዬ።

ባለፈው ወር ቀበርነው። ለቅሶ ቤት ሚስቱ ወደ ጓዳ ጠራችኝና የታጠፈ ጋውን ሰጠችኝ። ቡናማዋ ጊታር እንዳለች ነበረች።

"ለማማሰያ ስጪልኝ፣ አሁን ጀርባዋን ዘይት ይቀባት በይው ብሎኛል" አለች።

"ያውቅ ነበር ማለት ነው?"

"ገና በዋዜማው ሲይዛት መዳፉ ቡናማ ሆኖ ነበር።"

"ታዲያ ለምን ነጭ ለብሶ አቀፋት?"

"እኔም ጠይቄው ነበር" አለች። "ድምጿ ጥሩ ነበር አለኝ።"

ሞቶም ያዝዘኛል፣ አየህ። ይኸው ጠዋቱን ሙሉ በቃጫ ሳሽ አረፈድኩ። እንጨቷ ያን ሁሉ ዓመት ተጠምታ ኖሮ ዘይቱን ሳያርፍባት ትጠጣዋለች። የመዳፍ ያህል ቦታ ሲቀረኝ ጠርሙሱን ከደንኩት። ሁሉንማ አልታዘዝለትም።

ከዚያ ገብቼ ነጩን ሸሚዜን ለበስኩ፤ ጠጋ አድርጌም አቀፍኳት።