ጆሮዬ ውስጥ የቀረው የቦርከና ውሃ

የደጋ ልጅ ነኝ፤ ከሚሴ ለመምህርነት ተመድቤ ስሄድ ሙቀቱን አልቻልኩትም። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት ቦርከና ወንዝ ወርጄ እዋኛለሁ፤ ከከተማው ወጣቶች ራቅ ብዬ፣ ለብቻዬ። ለብቻው የሮጠን ማን ይቀድመዋል እንደሚባለው፣ በዋናዬ በጣም እኮራ ነበር።

ወጣቶቹ ከውሃው ሲወጡ አንድ ልማድ ነበራቸው። ጆሮው ውስጥ ውሃ የገባበት ሰው ፀሐይ ያሞቀው ድንጋይ ላይ ጆሮውን ለጥፎ በጎኑ ይተኛል። ጓደኛው ደግሞ ድንጋዩን በጠጠር ቀስ እያለ እያንኳኳ «ወጣልህ?» ይለዋል። «ገና ነው» ይላል የተኛው። በአማርኛ ጀምረው በኦሮምኛ ይጨርሱታል፤ ይሳሳቃሉ።

አንድ ቅዳሜ የእኔም ቀኝ ጆሮ ውሃ ገባበትና ድፍን አለ። ድንጋይ ሞልቷል፤ የሚያንኳኳልኝ ግን አልነበረም። ሄጄ «እባካችሁ» ማለት አፈርኩ። መምህር ነኛ! ቤቴ ገብቼ በክብሪት እንጨት ጎረጎርኩት።

ሰኞ ጠዋት ሕመሙ ሲብስብኝ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ነርሷ ጆሮዬን አይታ ተቆጣችኝ።

«ጭንቅላትህን ጋደል አድርገህ ጆሮህን ሳብ ሳብ ብታደርገው ውሃው በራሱ ይፈስ ነበር። እንጨት ምን አመጣው?»

ውስጡን ቧጥጬው ኖሯል። መድኃኒት ሰጠችኝና፣ ከሳምንት በኋላ ደህናውን ጆሮዬን ደፍኜ ከኋላዬ ሰው እንዲጠራኝ ነገረችኝ። ካልሰማሁ ደሴ ሆስፒታል ትልከኛለች። ደነገጥኩ። ከኋላ ወንበር የሚጠይቀኝን ተማሪ የማልሰማ መምህር ሆኜ ምን ልበላ ነው?

ሳምንቱን በአንድ ጆሮ ገፋሁት። ከክፍል ውጪ የሚያናግረኝ ስላልነበረ መደንቆሬን ያወቀብኝ የለም። ዝምታ ወርቅ ነው እያልኩ ራሴን ሳታልል ከርሜያለሁ፤ እውነቱን ለመናገር ግን ከሥራ ወጥቼ በሬን ስዘጋ ሆድ ይብሰኝ ነበር።

ቀኑ ሲደርስ የምጠይቀው ሰው አጣሁ። በመጨረሻ የቤት አከራዬ ዘንድ ሄድኩ። ባላቸው የሞቱባቸው አሮጊት ናቸው፤ ስምንት ወር አንድ ግቢ ስንኖር ከሰላምታ አልፈን አናውቅም። ነገሩን አስረዳኋቸውና «እናቴ፣ እባክዎ ከኋላዬ ሆነው ቀስ ብለው ይጥሩኝ» አልኳቸው።

«አብሽር፣ አላህ ያሽርህ» አሉኝ።

ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ግራ ጆሮዬን በመዳፌ ደፈንኩ። ጠበቅኩ። ምንም የለም። አሁንም ጠበቅኩ፤ ምንም። በቃ፣ ደሴ መሄዴ ነው ብዬ ልዞር ስል ድምፃቸው በቀኝ ጆሮዬ ጥርት ብሎ ገባ።

«ወላሂ ቸገረኝ መምህር፤ ስምህን ማን ብዬ ልጥራ?»

ጆሮዬ ድኗል። ደስ ሊለኝ ሲገባ እንባዬ መጣ፤ ግድግዳውን እንዳየሁ ጠረግኩት። ከዚያ ዞሬ ስሜን ነገርኳቸው፤ የእሳቸውንም ጠየቅኳቸው፣ እኔም አላውቀውም ነበርና።