አሞራው ያነበበው ምልክት

ባለቤቴን ወደብ ላይ አሞራው ነበር የሚሉት። አንገቱ ቀጭንና ረጅም ስለሆነ ነው የሚሉ ነበሩ፤ እኔ ግን ውሎው ሰማይ ላይ ስለሆነ ነው እላለሁ። ክሬን ነጂ ነበር። ጠዋት የብረቱን መሰላል ይወጣና እዚያች የመስታወት ሳጥን ውስጥ ይገባል፣ ከዚያ በኋላ ፊቱን ያየ የለም። ምሳውን እንኳ በገመድ ነበር ወደ ላይ የሚስበው።

እኔ አንድም ቀን ወጥቼ አላውቅም። ለሴት አይፈቀድም ተባለ፤ ቢፈቀድልኝስ እግሬ መች ያደርሰኝ ነበር። ስለዚህ እሱ ከሥራ ሲመለስ ያየውን ያወራልኛል። ጫማውን እያወለቀ ይጀምራል።

«ዛሬ የባለ ሰማያዊው በር ቤት ሴትዮ አንሶላዋን ጣሪያ ላይ አስጥታ ነፋስ ወሰደባት። የጎረቤቷ ጣሪያ ላይ ሄዶ አረፈ። ጎረቤቷ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? አጥፋ ይዛው ገባች!»

«አንተ ዕቃ ልታወርድ ነው የምትወጣው ወይስ ሰው ልትሰልል?» እለዋለሁ።

ይስቃል። እኔም በሱ ዓይን ከተማውንም ባሕሩንም አየሁ ብዬ እተኛለሁ።

አንድ ልጅ ነበረን። አድጎ እዚያው ወደብ ገባና ምልክት ሰጪ ሆነ። ክሬን ላይ ያለ ሰው የሚጮህለትን አይሰማም፤ ከታች የሚቆመው ሰው እጅ ነው የሚያናግረው። ክንድ ዝቅ ብሎ ጣት ወደ መሬት ከዞረ አውርድ ነው። ክንድ ወደ ጎን ተዘርግቶ መዳፍ ከተወዛወዘ ቁም ነው። አባትና ልጅ ይሄን ቤት ድረስ ይዘውት መጡ። ሾርባ ስጨልፍለት ልጄ በቃኝ አይልም፤ ክንዱን ዘርግቶ መዳፉን ያወዛውዝብኛል። «እኔ ክሬን ነኝ እንዴ?» ስለው አባቱ «ክሬንማ ትታዘዛለች» ይላል።

ከዚያ ያ ቀን መጣ። የብረት ቱቦ እያወረዱ ነው። አባት ላይ፣ ልጅ ታች። አንድ ዕቃ አሳሪ ወጣት፣ የልጄ ጓደኛ ነው፣ የተጣመመ ሰንሰለት ሊያቃና ሸክሙ ሥር ገባ። ልጄ ምልክት ሰጠ። ሸክሙ ወረደ። የሆነውን ሁሉ እዚህ ጽፌ ምን አደርገዋለሁ፤ ወጣቱ እዚያው ቀረ።

መርማሪዎቹ ሁለቱንም ጠየቁ። ባለቤቴ «ምልክቱ አውርድ ነበር» አለ። ልጄ «ቁም ነው ያልኩት» አለ። ያመኑት ሽማግሌውን ነው፤ እሱ ዕድሜውን ሙሉ አንድ ሰው አልጎዳም። ልጄ ከሥራ ተባረረ። የሟቹ እናት በቀብሩ ላይ፣ ሕዝብ ሁሉ እየሰማ፣ «እጅህ ይድረቅ» ብላ ረገመችው።

ልብሱን በከረጢት ይዞ ሲወጣ በሩ ላይ ቆመና አባቱን «አባባ፣ እጄን አይተኸዋል ወይስ አላየኸውም? እሱን ብቻ ንገረኝ» አለው።

«ያየሁትን አይቻለሁ» አለ ባለቤቴ፣ ፊቱን ሳያዞር።

ልጄ ከወደቡ አጠገብ ያለው የዓሣ ገበያ በረዶ ተሸካሚ ሆኖ ገባ። እኔ ተደብቄ እሄድና አየዋለሁ። ቤታችንን ግን ዳግም አልረገጠም።

ባለቤቴ ጡረታ ሲወጣ ከፎቅ በታች ያለች፣ መስኮቷ የጎረቤት ግድግዳ የሚያይ ክፍል ውስጥ ገባን። ያ ሰማይ ለሰማይ የኖረ ሰው ግድግዳ ላይ አፍጥጦ ይውል ጀመር። ወሬውም አለቀ። አላፊ አግዳሚውን እንኳ ሰላም አይልም።

ጎረቤታችን ልብስ ሰፊ ናት፤ ምላሷ ከመቀሷ ይሰላል። አንድ ቀን ስልኳን ይዛ መጣችና ከቴሌቪዥናችን ጋር በገመድ አገናኘችው።

«አሞራው! ክንፍ አምጥቼልሃለሁ» አለች። «ወደቡ ጥግ ያለው ትልቁ ሆቴል ጣሪያው ላይ ካሜራ ሰቅሏል። እንግዳ ለመሳብ ብለው ነው። ቀንም ሌትም ቀጥታ ያሳያል፣ በነፃ።»

ያየሁትን እስከ ዛሬ አልረሳውም። ከተማው ጥቅጥቅ ብሎ ተዘርግቷል፣ ጣሪያ በጣሪያ። ባሕሩ እንደ ቆርቆሮ ያበራል። አንዲት ትንሽ ጎታች ጀልባ አንድ ጎተራ የሚያህል መርከብ እየጎተተች ስትገባ አየሁና «ወይኔ ጉዴ፣ ይሄን ሁሉ ነበር ለካ የምታየው!» አልኩት። እሱ ወንበሩን አስጠግቶ አፍንጫው መስታወቱን ሊነካ ደረሰ። ዓይኑ እንባ አቀረረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቁርሳችንንም ምሳችንንም የምንበላው እዚያው ፊት ሆነን ነው። ጉም ከባሕሩ ሲነሳ፣ ፀሐይ ክሬኖቹ መሐል ስትገባ፣ ዝናብ ሲመጣ ከሩቅ እያየን። እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝ ነበር።

ግን ባለቤቴ የሚያሳየኝ ነገር ቦታው አልገጥም ይለኝ ጀመር። «በግራ በኩል የስንዴው ጎተራ፣ አየሽው?» ይላል። ልብስ ሰፊዋ ሰምታ «ጎተራው ከፈረሰ ቆየ እኮ! እኔ የሚታየኝ የመኪና ማቆሚያ ነው» ብላ ሳቀችበት። «ከጎኑ ማለቴ ነው» አለና ተቆጣ። እኔ እርጅና ነው ብዬ አለፍኩት።

የዓሣ ገበያው ከሆቴሉ ሥር ስለሆነ ሰው የክብሪት እንጨት አክሎ ይታያል። ልጄን በታጠቀው ብርቱካንማ ሽርጥ ለየሁት። ያኔ ልቤ አላስችል አለኝና ደወልኩለት። «አባትህ ከቀን ወደ ቀን እየከሳ ነው። ካሜራው ፊት ቆመህ እጅህን ብቻ አንሳለት» አልኩት።

«እማዬ፣ ሰላምታማ አልሰጠውም። ያን ቀን የሰጠሁትን ምልክት እሰጠዋለሁ። ዛሬስ ምን እንደሚል ልስማ። ቁም ነው ካለ እመጣለሁ። አሁንም አውርድ ነው ካለ ግን ሁለተኛ የሱን ነገር እንዳታነሺብኝ።»

ለባለቤቴ «ልጅህ ምልክት ሊሰጥህ ነው፣ ያን ቀን የሰጠውን ነው አለ» አልኩት። ሌላ ነገር አልነገርኩትም። ሸሚዙን ቀየረ፣ ተላጨ።

ከሰዓት ልጄ ደወለና ስልኩን ሳይዘጋ ኪሱ ከተተው። የገበያው ጫጫታ ይሰማኛል። የኔም ስልክ እጄ ላይ ክፍት ነው።

«ይኸው ቆመ» አልኩ።

«አየሁት፣ አየሁት።»

ልጄ ክንዱን ወደ ጎን ዘረጋ። መዳፉን አወዛወዘ። እኔ ጭልፋ ይዤ የምውል ሴት እንኳ አወቅሁት። ባለቤቴ ጣቱን ቴሌቪዥኑ ላይ አድርጎ ይመለከታል።

«ምን ይላል?»

«አውርድ» አለ። ከዚያ ደግሞ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «አውርድ ነው የሚለው!»

ጣቱ ያለው የቆመ የጭነት መኪና ላይ ነበር።

«አንተ… ጣትህ እኮ መኪና ላይ ነው» አልኩት።

እጁን ቀስ ብሎ አነሳ። ጭኑ ላይ አስቀመጠው። እኔም ቁጭ አልኩ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከዚያ ቀን በፊት ጀምሮ» አለ። «ዓይኔን ሞራ ይጋርደኝ ጀምሮ ነበር። ብናገር ያወርዱኛል። ወርጄ ምን ልሆን? ሸክም መሬት ሲቀርብ ሁሌም አውርድ ነው የሚባለው፤ በልምድ ነበር የምሠራው። ያን ቀንም የሆነ ነገር ሲንቀሳቀስ ታየኝ፣ አውርድ መሰለኝ።»

«ታዲያ አላየሁም አትልም ነበር?»

«ያላየ ሰው እዚያ ላይ ምን ይሠራል አይሉኝም?»

እግዜር ይወቀው ለምን እንደጠየቅሁት፣ «አንሶላውስ? ሴትዮዋስ?» አልኩ።

«እሱ ድሮ ያየሁት ነው። በኋላ በኋላማ እየቀያየርኩ ነበር የማወራሽ» አለኝ።

ስልኩ ውስጥ የዓሣ ሻጮቹ ጩኸት ይሰማል። ልጄ ሁሉንም ሰምቷል።

በማግስቱ መጣ። ደጃፉ ላይ ቆመ እንጂ አልገባም። አባቱ ድምፁን እስኪሰማ ድረስ ማን እንደሆነ አላወቀም። «ተነስ አባባ፣ እማማ ጋ ልወስድህ ነው» አለው። እማማ የሚላት የሟቹን እናት ነው፤ ቤቷ ከኛ ብዙ አይርቅም። ክንዱን ያዘው፣ እኔም ከኋላ ተከተልኳቸው።

ሴትዮዋ ምስር እየለቀመች ነበር። ባለቤቴ ሳይቀመጥ ነገራት፤ ዓይኑን፣ ምልክቱን፣ መርማሪዎቹ ፊት ያለውን። አንዱንም አላስቀረም። እሷ ምስሩን መልቀሙን አላቆመችም።

«ሲነጋ ሲመሽ ይሄን ልጅ ስረግም ነው የኖርኩት» አለች በመጨረሻ። «ከአልጋዬ የሚያስነሳኝ እሱ ነበር። አሁን ያን ሁሉ እርግማን ማን ላይ ላድርገው?»

«እኔ ላይ» አለ ባለቤቴ።

ቀና ብላ አየችው። ኮቱ መስቀያ ላይ እንዳለ ትከሻው ላይ ተንጠልጥሏል። «አንተ ላይማ ምኑ ጋ ያርፋል?»

ልጄ «ተዪው እማማ፣ እኔ ጋ ይቆይ። ለምጄዋለሁ» አላት።

ይሄኔ ነው ያለቀሰችው። ውጡ አላለችንም፣ ተቀመጡም አላለችን።

ልጄ እስከ ደጃፋችን መለሰን። ባለቤቴ «ግባ» አለው። «ሥራ አለብኝ» አለና ሄደ።

እስከ አሁንም አልገባም። ግን እሁድ እሁድ፣ ገበያው ሲዘጋ፣ በሩ ላይ መጥቶ ይቆማል፤ በላ ወይ፣ ተኛ ወይ፣ ዶክተሩ ዓይኑን ምን አለ ብሎ እኔን ይጠይቀኛል። አንዳንዴ ስለ በረዶው፣ ስለ ዓሣ ሻጮቹ ጠብ ያወራልኝና ይቆያል። ባለቤቴ ከመጋረጃው ኋላ አልጋው ላይ ሆኖ ሳሉን ውጦ ያዳምጣል። «ጥራው» እለዋለሁ፣ አይጠራውም። ድምፄን ከሰማ ይሄድብኛል ብሎ ነው የሚፈራው።