ጤና አዳም ይዤ ወደ ቡና ቅምሻ

ቅዳሜ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ከሸዋ ቤንች ተነሣሁ። የምሄደው ቴፒ አጠገብ ወዳለ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ነው። እዚያ የቡናን ጥራት በምላስ ለሚለይ ቀማሽነት የሚሠለጥኑ ሦስት ሴቶች በፈተና ሊመረጡ ነበር። ከመውለዴ በፊት ሁለት ዓመት ቡና ማበጠሪያ ውስጥ ብልሹ ፍሬ እየለቀምኩ ሠርቻለሁ። ቀማሾቹን በመስኮት እያየሁ አንድ ቀን እኔም እዚያ እቆማለሁ እል ነበር። ማንበብና መጻፍ ይበቃል ተብሏል፤ እኔ ስድስተኛ ክፍል ጨርሻለሁ። ልጄ ፀጋ የሦስት ወር ናት፤ ጡት ስለምትጠባ አዝያት ወጣሁ።

አማቴ እማማ ዘነበች እስከ ደጅ ተከተሉኝ።

"አራስ ሴት መንገድ ላይ ምን አላት?"

"ሦስት ወር ሆነኝ እኮ፣ እማማ።"

"የሰው ዓይን ወር አይቆጥርም" አሉና ነጠላዬ ጫፍ ላይ ጤና አዳምና ነጭ ሽንኩርት ቋጠሩልኝ። "እንዳትፈቺው።"

እሺ አልኩ። ሰው ፊት ብዙ አልናገርም፤ እሳቸው ፊት ደግሞ ጭራሽ።

ሚዛን ተፈሪ

በሞተር ሚዛን ደረስኩ። መናኸሪያው ጭቃ ነበር። ለፈተናው ቅመም ያለው ነገር እንዳንበላና ሽቶ እንዳንቀባ ስለተነገረን የተቀቀለ ጎደሬ በጨው ብቻ በላሁ። ሚኒባሱ እስኪሞላ አንድ ሰዓት ያህል ጠበቅን።

ሸኮ

መንገዱ ጫካ ውስጥ ይገባል። ቡናው ከትልልቅ ዛፎች ሥር ቀልቶ ይታያል፤ ከላይ ቀፎ ተሰቅሏል። አጠገቤ የተቀመጠች ሙዝ ነጋዴ ነጠላዬን አሸተተች።

"አንቺ፣ ወጥ ልትሠሪ ነው የምትሄጂው?"

"ለልጄ ነው። አማቴ ናቸው የቋጠሩት።"

"እኛ ጸልየን ነው የምንወጣው። አንቺ ግን እንዳትፈቺው፤ ከሰው ዓይንስ አማት ይብሳል።"

ተሳፋሪው ሳቀ፤ እኔ አንገቴን ደፋሁ። ሸኮ ላይ ስትወርድ "ለወተቱ" ብላ አራት ሙዝ ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝ።

ቴፒ፣ አምስት ሰዓት

ቴፒ ይሞቃል። ጣቢያው ውስጥ ማድረቂያ አልጋ ላይ ቡና የሚያገላብጡ አንዲት እናት ፀጋን ከነአንቀልባዋ ተቀበሉኝ። ነጠላው ትከሻዬ ላይ ቀረ።

ተፈታኞቹ ሰባት ነን። ፈታኙ "ዓለሚቱ" ብለው ሲጠሩ ወዲያው አቤት አላልኩም፤ ከወለድኩ ወዲህ ሁሉም የሚጠራኝ የፀጋ እናት እያለ ነው። ጠረጴዛው ላይ ሦስት ስኒ ቡና ቀረበ። የአንዱ ቡና የተበላሸ ነው፤ ሥራችን እሱን መለየት ነው። ፈታኙ ጎንበስ ብለው አሸተቱና ቀና አሉ።

"ሽቶ የተቀባ ሰው አለ።"

ዓይናቸው ፀጉሯን አዲስ የተሠራች ልጅ ላይ ዐረፈ።

"አንቺ ነሽ?"

"ኧረ ጋሼ፣ ምንም አልተቀባሁም።"

"ውጪ። ቡናው ሁሉ ተበክሏል።"

ልጅቷ ተነሣች። ጠረኑ የእኔ እንደሆነ ያኔ ገባኝ። ሽቶ ሲሉ የጠርሙሱ ብቻ መስሎኝ ነበር። ዝም ብል እሷ ወጥታ እኔ እቀራለሁ።

"እኔ ነኝ" አልኩ። ስላልተሰማ ደገምኩት። "ጤና አዳም ነው። ለሕፃኗ።"

ሴቶቹ ሳቁ። ፈታኙ አልሳቁም።

"ነጠላውን አስቀምጪና ታጠቢ። መጨረሻ ትገቢያለሽ። አንቺ ልጅ፣ ተቀመጪ።"

ውጭ ቋጠሮውን አልፈታሁትም። ነጠላውን እንዳለ ፀጋን አለበስኳት። አጠባኋትና እጄንና አንገቴን ታጥቤ ተራዬን ጠበቅሁ። ስገባ ቡናው በርዶ ነበር፤ ሦስቱንም ቀመስኩ። ቡና ሲበርድ ክፉ ጣዕሙ አይደበቅም።

"ሁለተኛው ነው" አልኩ።

"ምን ምን ይላል?"

"እርጥብ ጆንያ።"

ጻፉ። ሁላችንም ከተፈተንን በኋላ የሦስት ሰው ስም አነበቡ፤ የእኔ ሦስተኛ ነበር።

"ሥልጠናው አሥራ አምስት ቀን ነው። ልጅሽን የሚይዝ ሰው ይዘሽ ነይ። ካላገኘሽ ቀጣይዋን እንጠራለን።"

ሸዋ ቤንች፣ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል

መንገዱን ሙሉ ማን ልጄን ይይዝልኛል እያልኩ መጣሁ። ባለቤቴ ቡና ለቀማ ላይ ነው። እማማ ዘነበችን መጠየቅ ፈራሁ።

እሳቸው መጀመሪያ ያዩት ቋጠሮውን ነው።

"አልፈታሽውም።"

"አልፈታሁትም፣ እማማ። ግን ከፈተናው አስወጥቶኝ ነበር።"

ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ቀማሽ መሆን ከመቼ ጀምሮ እንደምፈልግ ጭምር። በአንድ ዓመት ትዳር ይህን ያህል አውርቼላቸው አላውቅም። ጉዞው ያስተማረኝ ይህን ነው፤ እምቢ ይሉኛል ብዬ የፈራኋቸውን ሴት አንድም ቀን ጠይቄያቸው አላውቅም ነበር።

"የሚይዝልኝ ሰው ካላገኘሁ ቦታው ለሌላ ነው። እርስዎ ይመጡልኛል?"

ፀጋን ከጀርባዬ አወረዱና ነጠላውን ከነቋጠሮው በራሳቸው ትከሻ ላይ ጣሉት።

"እኔ ከነጤና አዳሜ ውጭ እቀመጣለሁ" አሉ። "ቴፒ ይሞቃል አሉ፤ ጋቢ አልይዝም።"